«አረፍ ይበሉ» ተብለው ስድስት ሳምንት የተቀመጡት እናት

መጀመሪያ ያስተዋልኳቸው ከወንበር ሲነሡ ነው። ሁለት እጃቸውን መደገፊያው ላይ ጣሉ። በረጅሙ ተነፈሱ። ጎንበስ አሉ። ገና ከወንበሩ ሳይላቀቁ ልጃቸው ደርሳ፣ ብብታቸው ሥር እጇን አስገብታ ብድግ አደረገቻቸው። ሁለቱም ወሬያቸውን አላቋረጡም። ስንት ጊዜ ቢያደርጉት ነው እንዲህ የለመዱት ብዬ አሰብኩ።

እኚህ እናት 71 ዓመታቸው ነው። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ትንንሽ ልጆችን ፊደል ሲያስቆጥሩ የኖሩ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ስማቸውን አልጽፍም። እኔ «እትዬ» እያልኩ ስለምጠራቸው እዚህም እንደዚያው ልጥራቸው። ታሪኩን የምጽፈው ፈቅደውልኝ ነው። «ጻፊው፤ እንደኔ የተቀመጠ ሰው አይጠፋም» ነው ያሉኝ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ እውነታቸውን ነው። እንደሳቸው የተቀመጠ ሰው በየሳምንቱ አያለሁ።

ጉዳታቸው ቀላል ነበር። ደረጃ ሲወርዱ የመጨረሻዋን እርከን ሳቷት። ግራ እግራቸው ወደ ውስጥ ታጠፈ። ወለምታ። ቁርጭምጭሚታቸው በውጪ በኩል አበጠ፣ በማግስቱ በለዘ። ሐኪም ቤት ሄደው ራጅ ተነሡ። ስብራት የለም። በሚለጠጥ ፋሻ ታሰረላቸው፣ ማስታገሻ ተሰጣቸው። «እግርዎን ከፍ አድርገው አረፍ ይበሉ» ተባሉ።

ምክሩ ስሕተት አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት እግሩን ከጫና ማሳረፍ ተገቢ ነው። የጎደለው ቀን ነው። እስከ መቼ ነው የሚያርፉት? ማንም አልነገራቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁም። ቤተሰቡ ደግሞ ትእዛዙን በፍቅር ተቀበለው። ውሃ ሲጠማቸው ውሃው ይመጣል። ስልክ ሲጮህ ስልኩ ይመጣል። መጋረጃ እንኳ የሚከፍትላቸው አለ። አንድ ሳምንት ሆነ፣ ሁለት ሆነ። እብጠቱ ጎደለ፣ ሕመሙ በረደ። እሳቸው ግን እዚያው ወንበር ላይ ናቸው። እኔ ዘንድ ሲመጡ ስድስተኛ ሳምንታቸው ነበር። የመጡትም እግራቸውን አሟቸው አይደለም። «ጉልበቴ ከዳኝ» ብለው ነው።

ወለምታ ማለት አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ተለጥጦ ሲጎዳ ነው። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው በውጪኛው ጎን ከፊት በኩል ያለው ጅማት ነው። ለብዙ ዓመታት ለዚህ የሚሰጠው ምክር ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሰርና ከፍ ማድረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ይህን ምክር ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን ራሱ፣ ስለ በረዶና ስለ ሙሉ ዕረፍት የነበረውን ሐሳብ በኋላ ለውጧል። ዛሬ የምንለው ሌላ ነው። ጥቂት ቀን ጠብቀው፣ ከዚያ ሕመሙ በሚፈቅደው ልክ ጫና ስጠው። ጅማት የሚጠናከረው ሥራ ሲሰጠው ነው።

መለካት

ምንም ከማሠራቴ በፊት ማጣራት ነበረብኝ። አራት እርምጃ ሳይደገፉ መራመድ ይችላሉ? ይችላሉ። የቁርጭምጭሚቱን አጥንት ጠርዝ ስጫነው ያማቸዋል? አያማቸውም። እነዚህ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ ኦታዋ ከወጣው መመሪያ የተወሰዱ ናቸው። የቁርጭምጭሚት ጉዳት ራጅ ያስፈልገው እንደሆነ ለመለየት ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። ባታቸውንም አየሁ። ለሳምንታት ብዙ የተቀመጠ ሰው ባቱ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። አንዱ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ስፖርቱ ይቆይና ሰውየው ወደ ሐኪም ይሄዳል። የሳቸው ደህና ነበር።

የደም ግፊት መድኃኒት ስለሚወስዱ ግፊታቸውን ተኝተው፣ ከዚያም ቆመው በአንደኛውና በሦስተኛው ደቂቃ ላይ ለካሁ። ሲቆሙ የላይኛው ቁጥር 20 ወይም የታችኛው 10 ከወረደ፣ የጉልበት ሥራ ከማሠራቴ በፊት ሐኪማቸው መድኃኒቱን እንዲያይላቸው እልካለሁ። የሳቸው የላይኛው የወረደው 6 ብቻ ነው። ይህ አያሰጋም።

ከዚያ ጉልበታቸውን ለካሁ። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ስንት ጊዜ ተነሥቶ መቀመጥ ይቻላል? በሳቸው ዕድሜ ላለች ሴት ከ10 በታች ከሆነ የመውደቅ ስጋት አለ ይባላል። እትዬ እጃቸውን ሳይጠቀሙ አንድ ጊዜም መነሣት አልቻሉም። በመለኪያው ሕግ ውጤቱ ዜሮ ነው። ዜሮ ብዬ ልሸኛቸው አልፈለግሁም። ወንበሩ ላይ ጠንከር ያለ ትራስ ጨምሬ ከፍ አደረግሁት። 5 ጊዜ ተነሡ።

ቀጥሎ ከወንበር ተነሥቶ ሦስት ሜትር ሄዶ፣ ዞሮ፣ ተመልሶ መቀመጥ። 18 ሰከንድ ፈጀባቸው። 12 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው የምንጠነቀቀው። አንዱን እግር ከሌላው ፊት ተረከዝ ከጣት አጋጥሞ መቆም ደግሞ 4 ሰከንድ። እዚህ የሚጠበቀው 10 ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በአንድ እግር ቆመው፣ ጠረጴዛ በጣታቸው ነክተው፣ ተረከዛቸውን ከመሬት እንዲያነሡ ጠየቅኋቸው። በግራው፣ በተጎዳው፣ አንድም አልቻሉም። ይህን ጠብቄዋለሁ። በቀኙ አስደገምኳቸው። ሦስት ጊዜ አነሡና በአራተኛው ተረከዛቸው ከመሬት አልላቀቅ አለ።

«ያመመኝ እኮ ግራው ነው» አሉኝ፣ ቀኝ እግራቸውን እያዩ።

ቀኙን ምን ነካው? ቀኝ እግራቸው አልታጠፈም፣ አላበጠም፣ አልታሰረም። ደህናው እግር ነው የደከመው። ደረጃዋ የጎዳችው ግራውን ብቻ ነበር። ወንበሩ ግን ሁለቱንም ጎዳቸው።

ይህ የሚያስገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ጤነኛ የሆኑ አረጋውያንን ለ10 ቀን አልጋ ላይ አስተኛ። በ10 ቀን ብቻ ከእግሮቻቸው ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ፣ በአብዛኛው ጡንቻ የሆነ ሥጋ ቀነሰ። እትዬ አልጋ ላይ አልዋሉም፤ ቢሆንም ስድስት ሳምንት ረጅም ነው። ወጣት ሰው ያጣውን ቶሎ ይመልሳል። በ70ዎቹ ያለ ሰው ግን የሚያጣው ፈጥኖ፣ የሚመልሰው ቀስ ብሎ ነው። ለዚህ ነው «ትንሽ ጉዳት ናት» የሚለው ቃል በዕድሜ ለገፋ ሰው የሚያሳስበኝ።

ሥራው

«በዚህ ዕድሜ ጡንቻ ደግሞ ይመለሳል?» ብለው ጠየቁኝ። የምር ነው የጠየቁት። እኔም የምር መለስኩላቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ጥናት አለ። አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ አሥር ሰዎች፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ ለ8 ሳምንት በክብደት እግራቸውን አሠሩ። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ።

«ዘጠና?» አሉ። ዝም አሉ። «እንግዲያ እኔ ልጅ ነኛ።»

መርሐ ግብሩን ከባዶ አልፈጠርኩትም። በኒውዚላንድ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ ያዘጋጁት በቤት የሚሠራ ፕሮግራም አለ። የእግር ጉልበትና የሚዛን ልምምድ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ያህል፣ ከዚያ በሌላ ቀን የእግር ጉዞ። በጥናቶቻቸው መውደቅን በሲሶ ገደማ ቀንሷል። እኔ ዋና ዋናውን ወስጄ ለሳቸው እንዲሆን አድርጌ አሳጠርኩት። አምስት ነገር ብቻ ሰጠኋቸው። ከአምስት በላይ የሰጠሁት ሰው ሲሠራው አይቼ አላውቅም።

የመጀመሪያው ከወንበር መነሣት ነው፣ ከነትራሱ። አምስት ጊዜ፣ ዕረፍት፣ አምስት ጊዜ፣ ዕረፍት፣ አምስት ጊዜ። ሲቀመጡ ዱብ እንዳይሉ፣ ቀስ ብለው በሦስት ቁጥር እንዲወርዱ ነገርኳቸው። ሰው የመነሣቱን ነገር ብቻ ያስባል። ጡንቻው ግን ሲወርዱም ይሠራል፣ እንዲያውም ደረጃ ስንወርድ የሚያድነን ይኸኛው ጉልበት ነው።

ሁለተኛው ለቁርጭምጭሚቱ ነው። ተቀምጠው፣ እግራቸውን አንሥተው፣ በአውራ ጣታቸው አየር ላይ ፊደል መጻፍ። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ሀን ጻፉ፣ ሁን ጻፉ። ጣታቸው ሳይሆን ቁርጭምጭሚታቸው እንዲዞር ነው የምፈልገው። አየሁት፤ እጃቸው ጭናቸው ላይ ሆኖ ፊደሉን አብሮ ይጽፋል። «ሐ» ላይ ሲደርሱ ደከማቸው። በየቀኑ አንድ ቤት ጨምረው በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ «ቀ»ን አለፉ።

ሦስተኛው ጠረጴዛ ይዘው በሁለት እግር ተረከዝ ማንሣት። አራተኛው ሚዛን። ጀርባቸውን ለክፍሉ ጥግ ሰጥተው፣ ከፊታቸው ወንበር አስቀምጠው ይቆማሉ። ወደ ኋላ ቢያዘነብሉ ግድግዳ አለ፣ ወደ ፊት ቢያዘነብሉ ወንበር አለ። እግር አጋጥሞ መቆም፣ ከዚያ አንዱን እግር ግማሽ እርምጃ ማስቀደም። አምስተኛው መራመድ፤ ቤት ውስጥ አምስት አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ጫማ አድርገው። በካልሲ ወይም በነጠላ ጫማ አይሆንም።

ስለ ሕመም የነገርኳቸው እንዲህ ነው። ከዜሮ እስከ አሥር ቢቆጠር፣ ሲሠሩ እስከ ሦስት ቢያምዎት አይፍሩ። በማግስቱ ጠዋት ግን እንደ በፊቱ መሆን አለበት። ጠዋት ከብዶ ከተነሣ ትናንት አብዝተናል ማለት ነው።

በሳምንቱ ሲመጡ ደብተር ይዘው መጡ። በማስመሪያ አስምረውታል። ቀን፣ ሥራ፣ ብዛት፣ «የጠዋት እግር»። አራተኛውን ረድፍ እኔ አላዘዝኩም። ከነገርኳቸው ተነሥተው ራሳቸው ጨመሩት። በየጠዋቱ ከአልጋ ሳይወርዱ ለእግራቸው ቁጥር ይሰጡታል፤ 1፣ 2፣ 1፣ 0። ይቺ ረድፍ ከሁሉም የእኔ ምርመራ የበለጠ ጠቀመችን። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያበላሸሁት

በአራተኛው ሳምንት ነገሩ እየሠመረ ነበር። ትራሱን አንሥተናል። በራሳቸው ከወንበር ተነሥተዋል፤ የመጀመሪያዋ ቀን ደስ ብሏቸው ልጃቸውን ከጓዳ ጠርተው አሳይተዋታል። እኔም ደስታው ወሰደኝ መሰለኝ በአንድ ቀን ሁለት ነገር ጨመርኩ። አንድ እርከን ላይ መውጣትና መውረድ ጀመርን፣ ጉዞውንም ከ10 ደቂቃ ወደ 20 አሳደግሁት።

በማግስቱ ልጃቸው ደወለች። እግሩ አብጧል። ደብተሩ ላይ «የጠዋት እግር» 6 ተጽፏል። «ድሮም እኮ አረፍ ይበሉ ተብሎ ነበር» አለች። ድምጿ ቁጣ የለበትም፣ ፍርሃት ነው። ከእናቷ ወድቆ መሰበር የከፋ ነገር የላትም። ገባኝ።

ሄጄ አየኋቸው። አዲስ ጉዳት የለም። ጅማቱ ከአቅሙ በላይ ተጠይቆ ነው የተቆጣው። ስሕተቱ የኔ እንደሆነ ለሁለቱም ነገርኳቸው። ሁለት ነገር በአንድ ቀን ስጨምር የትኛው እንደከበዳቸው እንኳ ማወቅ አልቻልኩም። ይህን ያህል ዓመት ሠርቼ የማውቀውን ነው የረሳሁት።

ከባዱ ነገር እግሩ አልነበረም፣ በአራት ቀን ወደ 2 ወረደ። ከባዱ ልባቸው ነው። «ይቅርብኝ ልጄ፣ አላስቸግርሽ» አሉ። ተመልሰው ወንበሩ ላይ ሊቀሩ እንደሆነ አየሁ። ያን ጊዜ ደብተሩን አወጣሁና ከመጀመሪያው ገጽ አብረን አነበብን። ከዚያች ቀን በፊት የነበሩት ሃያ ሰባት ጠዋቶች በሙሉ ከ3 በታች ናቸው። በጣታቸው አንድ በአንድ ወረዱባቸው፣ ልክ የተማሪ ውጤት እንደሚያዩ። «አንድ ቀን ብቻ ነው የወደቀው» አሉ። እሳቸው ናቸው ያሉት፣ እኔ አይደለሁም።

ዕረፍት አዘዝኩላቸው፣ አሁን ግን ከነቀኑ። «እስከ ዓርብ እርከኑ ይቀራል። ከወንበር መነሣቱና ፊደሉ ይቀጥላል። ቅዳሜ በ10 ደቂቃ ጉዞ እንጀምራለን።» ደብተሩ ላይ ጻፉት። ከዚያ በኋላ ሕጋችን በሳምንት አንድ ነገር ብቻ መጨመር ሆነ። ጉዞ ከጨመርን እርከን አይጨመርም። በስድስተኛው ሳምንት በላስቲክ እግርን ወደ ውጪ መግፋት ጀመርን። በውጪኛው ጎን ያሉት ጡንቻዎች እግር ወደ ውስጥ ሊታጠፍ ሲል የሚይዙት ናቸው፤ ወለምታ ደግሞ አንዴ የመጣበትን እግር ደጋግሞ መጎብኘት ይወዳል።

ልጃቸው

ከሁሉም የከበደኝን ሥራ አልነገርኳችሁም። እሱም የልጃቸውን እጅ ማሳረፍ ነበር።

በቀን ስንት ጊዜ ነው ከወንበር የሚነሡት ብዬ ልጅቷን ጠየቅኋት። ቆጥራ ነገረችኝ። መኝታና መታጠቢያ ቤት ሲሄዱ ብቻ፣ ስድስት ጊዜ ያህል፣ ያውም በሷ ድጋፍ። በሳምንት ሦስት ቀን ግማሽ ሰዓት ብናሠራቸውና ቀሪውን ጊዜ ሁሉ ቢቀመጡ ድካማችን ውሃ ይበላዋል። ስለዚህ ለሷም የቤት ሥራ ሰጠኋት። ውሃ አታምጪላቸው። ስልኩን ከአጠገባቸው አንሥተሽ ክፍሉ ማዶ አስቀምጪ። ሲነሡ አጠገባቸው ቁሚ፣ ግን እጅሽን አትዘርጊ፤ ሚዛን ከሳቱ ብቻ ያዢ።

«እንዴት እናቴ ስትነሣ ቆሜ አያለሁ?» አለችኝ። እንባዋ መጣ። ለካ ያ ብብት ሥር የሚገባው እጅ እንክብካቤዋ ነበር። «አትንኪ» ስላት «አትውደጂ» ያልኳት መስሏታል። ሌላ ነገር እንድታደርግ ተስማማን። ጉዞውን አብራ ትሄዳለች፣ ሲነሡ ትቆጥራለች። በተለይ መቁጠሩን ወደደችው። አንድ ቀን ስደርስ ከውጭ ድምጿ ይሰማል፤ «ስምንት! እማዬ ቀስ ብለሽ ውረጂ! ዘጠኝ!»

በ12ኛው ሳምንት እንደገና ለካሁ። ያለ ትራስ፣ እጅ ደረት ላይ፣ በ30 ሰከንድ 11። ሦስት ሜትሩ ሄዶ መመለስ 11 ሰከንድ። ተረከዝ ከጣት ቆመው አሥሯን ሞሏት። ተረከዝ ማንሣት በቀኙ 12፣ በግራው 9። ውጭ በልጃቸው አጠገብ 25 ደቂቃ ይጓዛሉ፣ እየተጨዋወቱ። እየሄዱ ማውራት ከቻሉ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ መዝፈን ከቻሉ ትንሽ ይፍጠኑ ብያቸዋለሁ።

ያልተስተካከለውንም ልጻፍ። ብዙ የቆሙ ቀን ማታ ላይ ቁርጭምጭሚቱ አሁንም ትንሽ ያብጣል። ሲመሽ ብቻቸውን ደረጃ አይወርዱም፣ እኔም አልገፋኋቸውም። የመጨረሻዋን እርከን ሲደርሱ ሁልጊዜ ቆም ይላሉ፣ ያያሉ፣ ከዚያ ነው የሚረግጡት። ፍርሃት ከጡንቻ ዘግይቶ ነው የሚድነው። አንዳንዱ ደግሞ ፍርሃት ሳይሆን ጥንቃቄ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ሚዛንና ጉልበት ላይ ያተኮረ እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይመክራል። ይህ ለታመመ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም ነው። ለእትዬ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ መቼ ነው የሚያበቃው?» አሉኝ። የዕረፍትን ማብቂያ ያልነገራቸው ሰው እንዳሳዘነኝ፣ አሁን እኔ ማብቂያ የሌለው ነገር ልነግራቸው ነው። አያበቃም አልኳቸው። ደብተሩን ገለጥ አድርገው የቀሩትን ባዶ ገጾች ቆጠሩ።

በስድስተኛው ወር ለክትትል መጡ። ጉንፋን ይዟቸው ሦስት ሳምንት ተኝተው ነበር። ከወንበር መነሣቱ ከ11 ወደ 8 ወርዷል። አዝነው ይነግሩኛል ብዬ ስጠብቅ ደብተሩን ከቦርሳቸው አወጡ። ካገገሙ በኋላ ያለው ገጽ ላይ፣ እኔ ሳልነግራቸው፣ በቀይ እስክሪብቶ «ትራስ» ብለው ጽፈዋል። ከሥሩ፣ 5፣ 5፣ 5። በሚቀጥለው ሳምንት 6፣ 6፣ 5። ከዚያ ትራሱ ተሠርዟል።